ኮራሉ ሥጋውን ሲጥል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቤቴ በጨው ውሃ ታንክ (አኳሪየም) የማረባው ጠንካራ ኮራል ሥጋውን እየጣለ ነጭ አጥንት ቀረብኝ ነው ነገሩ። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር አታምታቱ። ኮራሉ ነጥቶ ሥጋው ግን ካለ፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ስስ ሽፋኑና ፖሊፖቹ (ኮራሉን የሠሩት ትንንሽ እንስሳት) ከታዩ፣ እሱ ብሊቺንግ ነው፣ ውስጡ የሚኖረው አልጌ ወጥቶ ነው እንጂ ኮራሉ በሕይወት አለ፣ ሊያገግም ይችላል። ሥጋው ራሱ ሄዶ ባዶ አጥንት ከቀረ ግን እዛ ቦታ ላይ በቀናት ውስጥ አልጌ ይበቅልበታል። የዛሬው ወሬያችን ስለዚህኛው ነው።

«አክሮፖራዬ (ቅርንጫፋም ጠንካራ ኮራል) ከሥሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ እየተላጠ ነው። ውሃዬ በጣም ንጹሕ ነው፣ ናይትሬት ዜሮ ፎስፌት ዜሮ፣ አልካሊኒቲ 11። ምን ጎደለው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ ምግብ ነዋ የጎደለው! እኔ የምጠረጥረው ራሱን ንጹሕ ያልከውን ውሃ ነው። አልክህ (አልካሊኒቲው፣ ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራበት የካርቦኔት መጠን ማለት ነው) 11 ዲኬኤች (መለኪያው ነው) ሲሆን ኮራሉ አጥንቱን በፍጥነት እንዲሠራ እየገፋኸው ነው፣ ሥጋው ግን የሚያድግበት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የለውም፣ ስለዚህ ወይ ጫፉ ይቃጠላል ወይ እንዳንተው ከሥሩ መላጥ ይጀምራል። የተፈጥሮ ባሕር 7 አካባቢ ነው፣ ንጥረ ነገር ያነሰበት ታንክ ላይ ከ7.5 እስከ 8.5 ይበቃል። ግን ዛሬውኑ አውርደው አላልኩህም፣ ዶዚንጉን (አልክ ለመጨመር የምታስገባውን) ቀንስና ኮራሎቹ ራሳቸው እየተጠቀሙ ያውርዱት፣ በቀን ከግማሽ ዲኬኤች በላይ እንዳይወርድ። ዓሣዎቹን ትንሽ ጨምረህ አብላ፣ የፎስፌት ማስወገጃውን አውጣ፣ ናይትሬት ከ2 እስከ 10 ፒፒኤም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ሳምንት ደግሞ አልክህን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለካ፣ ምክንያቱም ሰኞ 9 ሐሙስ 7 ሆኖ መልሶ 9 የሚል ታንክ ቀጥ ብሎ 10 ላይ ከቆመ ታንክ የባሰ ነው። ቁጥር ማሳደድ ይብቃን፣ ባለበት ማቆየቱ ላይ እንበርታ። የመለኪያ ኪትህንም በሌላ ኪት አመሳክር፣ ጊዜው ያለፈበት ሪኤጀንት (የመለኪያ ኬሚካል) ስንቱን ሰው ሲያሳስት አይቻለሁ። ኮራሉ ትልቅና ያረጀ ከሆነ ደግሞ ታችኛው ክፍል ብርሃንም የውሃ እንቅስቃሴም ስለማይደርሰው ብቻ ሊላጥ ይችላል፣ እሱ ብዙ አያሳስብም።

«ውሃ በቀየርኩ ማግስት አንዱ ሳይሆን ሁሉም ኮራል ተኮማተረ፣ ሁለቱ መላጥ ጀመሩ። የአርኦ ዲአይ (በማጣሪያ የተጣራ) ውሃዬ ቲዲኤስ (ውስጡ የሟሟ ነገር መጠን) ዜሮ ነው።» (ከአርሊንግተን)

እህቴ፣ የተለያየ ዘር ኮራል ባንዴ ከታመመ በሽታ አትፈልጊ፣ ውሃው ውስጥ የገባ ነገር ፈልጊ። ቲዲኤስ ሜትር ክሎሪን አያሳይሽም! ዜሮ እያለ ክሎሪን ሊያልፍ ይችላል። እናንተ አካባቢ የቧንቧው ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ በጸደይ ወራት ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ተራ ክሎሪን ይቀይሩታል። ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት) ተራ የማጣሪያ ካርቦን ላይ ቶሎ አይሰበርም፣ ሲሰበርም አሞኒያ ይለቃል፣ እሱን የሚይዘው የማጣሪያው የዲአይ ክፍል ሬዚን ነው። ስለዚህ ለክሎራሚን የተሠራ ካርቦን ግዢ፣ ውሃው ከአርኦው ሲወጣ ደግሞ በቶታል ክሎሪን መለኪያ ፈትሺው፣ የመለኪያው ዋጋ ከአንድ ፍራግ (ትንሽ የኮራል ቁራጭ) ያንሳል። ለአሁኑ አዲስ ካርቦን ታንኩ ውስጥ አስገቢ። የቀየርሽው ውሃ ጨውና ሙቀቱ ከታንኩ ጋር እኩል ነበር ወይ? ሪፍራክቶሜትሩን (የጨው መለኪያውን) በ35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 ክፍል ጨው) ፈሳሽ አስተካክዪው፣ በንጹሕ ውሃ ዜሮ ማድረግ አይበቃም።

«አገር ቤት ደርሼ ስመለስ ትልቁ አክሮፖራ ባንድ ሌሊት ግማሹ ተልጧል፣ ሥጋው እየተበጣጠሰ ይንሳፈፋል። ይድናል?» (ከዱባይ)

ግማሹን እርሳው። ይሄ አርቲኤን (ፈጣን የሥጋ መላጥ) የሚባለው ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ስለሚሄድ ይህን መልስ እስክታነብ ራሱ አልቆ ይሆናል። ገና ካላለቀ ጤነኛ ከሚመስለው ጫፍ፣ ከመላጫው መስመር በደንብ ርቀህ፣ ትንንሽ ቅርንጫፍ ቆርጠህ ለየብቻ አስቀምጥ፣ ቀሪውን ከታንክ አውጣው። ከዛ ስትሄድ ምን እንደተፈጠረ ፈትሽ። በዱባይ በጋ ኤሲ ወይ ቺለር (የታንኩ ውሃ ማቀዝቀዣ) ለትንሽ ሰዓት ከቆመ ታንኩ 30 ዲግሪ ማለፉ አይቀርም፣ የሞቀ ውሃ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። ቶፕ ኦፉ (የተነነውን የሚተካው ንጹሕ ውሃ) አልቆ ጨው ጨምሮም ሊሆን ይችላል። ታንክ ጠባቂ ስትተው «ዓሣ አብላልኝ» ብቻ ብለህ አትሂድ፣ ቴርሞሜትሩ ስንት ሲል እንዲደውልልህ ጻፍለት።

«ሞላላ ሞላላ ነጭ ነጠብጣብ አለው፣ የተነከሰ ይመስላል፣ ቀለሙም ደብዝዟል። ውሃው ሁሉ ነገሩ ልክ ነው።» (ከስቶክሆልም)

ተነክሶ ነዋ። አክሮፖራ የሚበላው ጠፍጣፋ ትል ነው የሚመስለኝ፣ ቀለሙን ከኮራሉ ስለሚያመሳስል እያየኸው አታየውም። ኮራሉን አውጥተህ በፒፔት ውሃ ጠንከር አድርገህ ርጭበት፣ ይረግፋል። ሥጋ በሌለበት አጥንት ላይ ደግሞ ቡናማ የእንቁላል ክምር ፈልግ። ዲፕ (ኮራሉን መድኃኒት ውስጥ መንከር) ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፣ ስለዚህ እንቁላሉን ፍቀህ አንሳ ወይ ያንን ክፍል ቆርጠህ ጣል፣ ዲፑን ደግሞ በየሳምንቱ ለስድስት ሳምንት ያህል ድገመው። አንድ ጊዜ ነክሮ ተገላገልኩ የሚል ሰው ወር ሳይቆይ ነው የሚመለሰው።

«ቶርች የሚባለው ኮራሌ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ወጣበት።» (ከፍራንክፈርት)

ብራውን ጄሊ የሚባለው በሽታ ነው፣ ፓምፑን አጥፊና ሳይበተን በቱቦ ምጠጪው፣ የታመመውን ራስ ከነአጥንቱ ቁረጪ፣ የተረፈውን አዮዲን ዲፕ አድርገሽ ከሌሎቹ ቶርችና ሃመር ኮራሎች አርቂው። ዛሬ ማታ አድርጊው፣ ነገ አትበይ።

«ፍሎሪዳ ውስጥ ኮራል የሚላጥበትን በሽታ በአሞክሲሲሊን እያከሙት ነው ሲሉ ሰማሁ። ታንኬ ውስጥ ልጨምረው?» (ከአሌክሳንድሪያ)

አትጨምር። የፍሎሪዳው በ2014 ማያሚ አካባቢ የታየውና ወደ ካሪቢያን የተዛመተው ነው፣ ከ20 በላይ የኮራል ዝርያ ያጠቃል። እነሱ ግን ባሕሩ ውስጥ መድኃኒት አልደፉም፣ ጠላቂዎች ናቸው ወርደው ከማጣበቂያ ጋር የተቀላቀለውን ቁስሉ ላይ የሚለጥፉት፣ እሱም የታከመውን ቁስል ያቆም ይሆናል እንጂ እዛው ኮራል ላይ በሌላ ቦታ አዲስ ቁስል እንዳይወጣ አያደርግም። አንተ ውሃው ውስጥ ብትደፋው ታንክህን የሚያጣሩልህን ባክቴሪያዎች ልትጎዳ ትችላለህ፣ ለመድኃኒት የማይበገር ጀርምም ቤትህ ታሳድጋለህ። ደግሞ የአልካሊኒቲ ችግር በአንቲባዮቲክ አይድንም። አልክህን ሳትለካ ነው እንዴ ፋርማሲ የሄድከው?

«የቀረውን ነጭ አጥንት ላውጣው?» (ከሐይፋ)

መላጡ ከቆመ ተወው፣ ጤነኛው ሥጋ መልሶ ሊሸፍነው ይችላል። አልጌው ወደ ሥጋው እየገፋ ከሄደ ግን ያንን ክፍል ቆርጠህ አውጣው።