«አመለካከታቸውን ቀይሪልኝ» ለተባለችው የባንክ ሠራተኛ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌላውም አንባቢ እንዲከታተለን አሳጥሬ ላቅርበው።

በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ አራት ዓመት ቴለር፣ ማለትም መስኮት ላይ ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ፣ ሆነሽ ሠርተሻል። በቅርቡ መስኮት ላይ የሚሠሩትን ስድስት ሠራተኞች እንድትመሪ ተመድበሻል። ከእነሱ ሌላ ሁለት ሰዎች ለቀዋል፤ በቦታቸው የተተካ የለም። የቀሩት ያረፍዳሉ፣ ከደንበኛ ጋር ይነታረካሉ፣ ትንሽ ነገር ሲታዘዙ «ለማን ብዬ?» ይላሉ። አሥር ዓመት ያገለገሉ አንድ ባልደረባሽ ዕድገት ስላለፋቸው አኩርፈዋል፤ ወጣቶቹም እሳቸውን እያዩ ተስፋ ቆርጠዋል። አንዷ ልጅ ካሽ ጎድሎባት ከደመወዟ ከተቆረጠ ወዲህ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው የምትሠራው። ማናጀሩ ደግሞ ቢሮው ጠርቶ «ችግሩ አመለካከት ነው፤ አመለካከታቸውን ቀይሪልኝ» ብሎሻል። አንቺም በጎን ሲቪሽን እየበተንሽ ነው። «ልሞክር ወይስ ልልቀቅ? ከሞከርኩስ ከየት ልጀምር?» ነው ጥያቄሽ።

ሦስት ወር ሞክሪ እልሻለሁ። ሲቪሽንም መበተንሽን አታቁሚ። ሁለቱ አይጣሉም፤ ለምን እንደማይጣሉ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን «አመለካከት ቀይሪ» የሚለውን ትእዛዝ እንዳለ እንዳትቀበዪው። የሰው አመለካከት በስብሰባና በምክር ሲቀየር ብዙም አላየሁም። ሠራተኛ ሰብስቦ «ፖዘቲቭ እንሁን» ማለት፣ ወይም ሞቲቬሽን የሚሰጥ ሰው ጠርቶ ግማሽ ቀን ማስጨብጨብ ለሁለት ቀን ያሟሙቃል። ሦስተኛው ቀን ላይ ያው ወረፋ፣ ያው የተበላሸ የብር መቁጠሪያ ማሽን፣ ያው አለቃ ይጠብቃቸዋል። ሰው የሚያኮርፈው ምክንያት ኖሮት ነው። ከምክንያቱ የተወሰነው ሲነሳለት ፊቱም ይፈታል።

ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፒትስበርግ አካባቢ 200 የሚሆኑ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን አነጋግሮ ነበር። በሥራችሁ በጣም የተደሰታችሁት መቼ ነው? በጣም የከፋችሁስ? ብሎ ነው የጠየቃቸው። የከፋቸውን ቀን ሲያወሩ በብዛት ያነሱት የመሥሪያ ቤቱን አሠራር፣ የአለቃ አያያዝንና ደመወዝን ነው። የተደሰቱበትን ቀን ሲያወሩ ግን ሌላ ነገር መጣ፦ የጀመሩት ሥራ ተሳክቶ ማየት፣ መመስገን፣ ኃላፊነት ማግኘት። ጥናቱ በኋላ ብዙ ክርክር ተነስቶበታል። ለአንቺ የሚጠቅም አንድ ነገር ግን አለው። የሚያስከፋውን ማስወገድና የሚያስደስተውን መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ መጀመር ያለብሽም ከሚያስከፋው ነው። የተበደለ ሰው ምስጋና ሲሰጡት ሽንገላ ይመስለዋል።

ከሚያስከፋው ውስጥ ትልቁ በአንቺ እጅ የለም፤ ደመወዝ ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የወር ደመወዝተኛ ኑሮ ምን ያህል እንደከበደ ለአንቺ አልነግርሽም። የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን ሰው «ሥራህን ውደድ» አትበይው። «ደመወዙን እኔ ላስተካክለው አልችልም፤ የምችለውን ግን አደርጋለሁ» ማለቱ ያስከብርሻል።

አሁን በእጅሽ ወዳለው እንምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ ቆም ብዬ ደጋግሜ ያነበብኩት ካሽ የጎደለባትን ልጅ ታሪክ ነው። ያን ምሽት እንዲህ ስትይ ጽፈሽዋል። በሩ ተዘግቷል። አምስቱ ቆጥረው ጨርሰዋል፤ የእሷ ግን 3,600 ብር ጎድሏል። ማሽኑ ላይ ደጋግማ ታስቆጥራለች። ሌሎቹ ቦርሳቸውን አንግተው ሰዓት ያያሉ፣ ሰርቪስ ሊያመልጣቸው ነው። አንዱ «ኧረ ቶሎ በይ» አላት። በመጨረሻ ጥለዋት ሄዱ። ሳይገኝ ቀረና ከደመወዟ ተቆረጠ።

የቅርንጫፋችሁ ሞራል ያን ማታ የወደቀ ይመስለኛል። ስድስቱም አንድ ነገር ተምረዋል፦ እዚህ ቤት ስትወድቅ ብቻህን ነህ። እንዲህ ያመነ ሰው ለደንበኛም ለባልደረባም ፈገግታ አይተርፈውም።

ስለዚህ ከሒሳብ መዝጊያው ጀምሪ። ሁለት ነገር ለውጪ። አንደኛ፣ ሁሉም ቴለር ከምሳ በፊት አንዴ ይቁጠር። ስህተት ካለ የጠዋቱን ቫውቸር (የገቢና የወጪ ወረቀት) ብቻ ነው የሚፈልጉት፤ የደንበኛውም መልክ ገና ከዓይን አልጠፋም። ሁለተኛ፣ ማታ የአንድ ሰው ካሽ ካልገጠመ አንቺና አንድ ተረኛ አብራችኋት ትቀመጣላችሁ። ተረኛው በየቀኑ ይቀያየር። ሌሎቹ በሰርቪሳቸው ይሂዱ።

አፈላለጉንም አስተምሪያቸው። ብዙ ወጣት ቴለር ያንኑ ብር ደጋግሞ ይቆጥራል እንጂ ልዩነቱ ራሱ ምን እንደሚናገር አያይም። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥር ተገላብጦ ሊሆን ይችላል፤ 7,300 ብር ከፍላ 3,700 ብላ ከመዘገበች የሚጎድላት ልክ 3,600 ነው። ልዩነቱን ለሁለት ስትከፍይው ደግሞ ከአንድ ቫውቸር ጋር የሚገጥም ከሆነ፣ ወጪው ገቢ ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል፤ 1,800 ብር የወጣበትን ገቢ ብትለው እንደገና 3,600 ይጎድላል። ይህን ያወቀች ልጅ ስትደነግጥ የምትይዘው ነገር አላት። የሚንቀጠቀጥ እጅ ሲረጋጋ የምታዪው በዚህ ነው።

ስለ ተቆረጠባት ገንዘብም ዝም አትበይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ አይቆረጥም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የባንካችሁን የኅብረት ስምምነት አውጥተሽ የካሽ ጉድለትን አንቀጽ ከእሷ ጋር አብራችሁ አንብቡት። ምናልባት የተቆረጠው በደንቡ ይሆናል። ያኔም ቢሆን የበላይዋ አብራት መቀመጧን ታያለች።

የትርፍ ሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሒሳብ ለመዝጋት ማምሸት በባንክ ቤት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሯል። አዋጁ ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈል ይላል። ጣሪያውም በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ማን ስንት ሰዓት እንዳመሸ በደብተር መያዝ ጀምሪ። መመዝገቡ ብቻ እንኳ ለሠራተኛው «ድካምህ ታይቷል» ማለት ነው። የዓመት ፈቃድም ዕዪ። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በሰው እጥረት ሰበብ ፈቃዱ ሲገፋበት የከረመ ሰው ካለ ፕሮግራም አውጪለት።

«ሲስተም የለም» የሚባልበትን ቀን ታውቂዋለሽ። ኔትወርኩ ይቋረጣል፣ ወረፋው በሩ ጋ ይደርሳል፣ ስድቡ ሁሉ መስኮት ላይ ባለችው ልጅ ላይ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ቢሮ ውስጥ አትቀመጪ። ከባንኮኒው ወጥተሽ ሕዝቡ መሀል ቁሚ። መቼ ሊመጣ እንደሚችል የምታውቂውን ንገሪያቸው፤ አዛውንቶችንና ነፍሰ ጡሮችን አስቀምጪ። ቴለሮችሽን ከስድብ የምታድኚው አንቺ ነሽ። ከየትኛውም የምስክር ወረቀት ይልቅ እሱን ነው የሚያስታውሱልሽ።

አሁን ያኮረፉት ሰውዬ። እሳቸውን «መጥፎ አመለካከት ያላቸው» ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው። እኔ ግን ቅርንጫፉን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ይመስሉኛል። ብቻቸውን አነጋግሪያቸው፤ ከደንበኛ ፊትና ከወጣቶቹ ጆሮ ራቅ አድርገሽ። የማትችዪውን ቃል አትግቢ። እንዲህ በያቸው፦ «ዕድገቱን እኔ ልሰጥዎ አልችልም። ያለፈዎት በምን እንደሆነና ለሚቀጥለው ምን እንደሚጠየቅ ግን ከማናጀሩ ጠይቄ እነግርዎታለሁ። እዚህ ሥራ ላይ ከሚያበሳጭዎ ነገር እኛ ልናስተካክለው የምንችለው የትኛውን ነው?» ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ከሚነግሩሽ ውስጥ አንዱን በዚያው ሳምንት አድርጊው። የጠየቅሽላቸውንም መልስ፣ ደስ የማይል ቢሆን እንኳ፣ ሳታድበሰብሺ ንገሪያቸው።

ቀጥሎ አዲስ ቴለር የማሠልጠኑን ሥራ ለእሳቸው ስጪ። ግን በሥራ ምዘናቸው ላይ ይጻፍላቸው። ሳይጻፍ የተሰጠ ኃላፊነት ተጨማሪ ሸክም ነው፤ እሳቸውም ወዲያው ያውቁታል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ደንበኛ ፊት አንቺን ወይም ባንኩን የሚያዋርዱ ከሆነ ደግሞ በግልጽ «ይህን አልቀበልም» በያቸው። ማክበርና መፍራት ይለያያሉ።

ምስጋናን በተመለከተ አጭር ነገር ብቻ። ለሁሉም «ጎበዞች» አትበዪ። «ትናንት ያን የተናደደ ነጋዴ ሳትጮኺበት የሸኘሽበት መንገድ ደስ ብሎኛል» በዪ። የሠራችውን ነገር ለይተሽ ጥሪው።

ከማናጀሩ ጋር ስትነጋገሪ «ሞራል» የሚለውን ቃል ተዪው። እሱ ከዲስትሪክት (ከቅርንጫፎቹ የበላይ ቢሮ) የሚጠየቀው ዲፖዚት፣ ማለትም ደንበኞች የሚያስቀምጡት ገንዘብ፣ ነው፤ በቁጥር አናግሪው። የወረፋ ጊዜ፣ የካሽ ልዩነት የታየባቸው ቀናት፣ የለቀቁ ሰዎች ብዛት፣ የትርፍ ሰዓት ደብተር። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የጎደሉት ሁለት ሰዎች ይተኩ፣ የመቁጠሪያው ማሽን ይጠገን፣ ለየሠራተኛው የሚደለደለው የዲፖዚት ታርጌት (ኮታ) ይታይ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ የምትውል ቴለር ውጭ ወጥታ ደንበኛ ልታመጣ አትችልም። አክስቷንና የሠፈር ዕድርተኛዋን ካስቸገረች በኋላ የምትሄድበት የላትም። የእሷ ታርጌት ከመስኮቱ ሥራ ቢወጣ ይሻላል፤ ስህተት መቀነስ፣ የወረፋ ፍጥነት፣ ሞባይል ባንኪንግ ያስጀመረቻቸው ደንበኞች።

ይህን የመጨረሻውን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ባንኮችም ወደ ስልክ እየገቡ ሲሄዱ፣ ብዙ ቴለር በልቡ «ነገ መስኮቱ ይዘጋል» እያለ ነው የሚሠራው። ፍርሃቱን በግልጽ አንሱት። ዲጂታሉን ለደንበኛ የሚያስተምር፣ የብድር ሰነድ ማየት የጀመረ፣ የውጭ ምንዛሪ ክፍልን የቀመሰ ሰው መሄጃ አለው። ስድስቱም በየተራ ሌላ ክፍል ገብተው ቢማሩ የእያንዳንዱ ዓይን ይከፈታል። ይህን ማናጀሩ ያለ ምንም ወጪ ሊፈቅድ ይችላል።

እንግዲህ ስለ መልቀቁ። ሦስት ወር ስትሞክሪ ሦስት ጥያቄ ይመለስልሻል። ማናጀሩ ከጠየቅሽው አንዱን እንኳ አደረገ? ሠራተኞቹ ችግራቸውን ለአንቺ መናገር ጀመሩ? አንቺስ ጠዋት ስትነሺ ሆድሽ ይጨንቀዋል? የመጀመሪያው «አይ» ከሆነ፣ የሦስተኛው ደግሞ «አዎ» ከሆነ ሂጂ። የስድስት ሰው ኑሮ ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ በጀት የሌለው አለቃ ሊሠራ የሚችለው ልክ አለው።

ሙከራሽ ለቃለ መጠይቅም ይጠቅምሻል። ሌላ ባንክ ሄደሽ «ለምን ትለቂያለሽ?» ሲሉሽ፣ «አለቃዬ ክፉ ነበር፣ ሠራተኛው ሰነፍ ነበር» ብትዪ ነገ እነሱንም እንዲሁ እንደምታሚ ያስባሉ። «ስድስት ሰው እመራ ነበር፤ የግማሽ ቀን ቆጠራ አስጀመርኩ፣ የካሽ ልዩነት ከዚህ ወደዚህ ወረደ» ብትዪ ግን ሌላ ወሬ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ የመነሻ ቁጥሩን ጻፊ፤ ያለ እሱ መሻሻሉን የምታሳዪበት የለሽም። የደንበኛ ስምና የሒሳብ መረጃ ግን ከባንኩ ይዘሽ እንዳትወጪ። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ በ2017 ከጸደቀ ወዲህ መስተንግዶ ላይ ሰው መምራት የሚችል ባለሙያ ፈላጊው ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

ከመልቀቅሽ በፊት ወረቀቶችሽን ዕዪ። የሠራተኛ ብድር ወስደሽ ከሆነ በብዙ ባንኮች ስትለቂ ወለዱ ወደ ደንበኛ ወለድ ይዞራል ወይም ቶሎ እንድትከፍዪ ትጠየቂያለሽ፤ ውሉን አንብቢ። የሥልጠና ግዴታ ፈርመሽ እንደሆነም አረጋግጪ። ከዚያ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪና ግልባጩ ላይ የተቀበሉበትን ፊርማ አስደርጊ። የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ ሊሰጡሽ ይገባል፤ የሥራ መደቡ፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመሽ አንብቢው፤ በተለይ አሁን የያዝሽው ኃላፊነት ሳይጠቀስ «ቴለር» ብቻ ተብሎ እንዳይሰጥሽ።