ኢ-ሪደር ካለኝ የወረቀት መጽሐፍ መግዛት ላቁም?

«ኢ-ሪደር ብገዛ ከእንግዲህ የወረቀት መጽሐፍ አያስፈልገኝም ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ስድስት ዓመት ኢ-ሪደርንም (ኢ-መጽሐፍ፣ ማለትም ዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) የወረቀት መጽሐፍንም ጎን ለጎን ስጠቀም ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዴ አንብበሽ ለምታልፊው መጽሐፍ ኢ-ሪደሩ ይበቃሻል። እየተመላለስሽ ለምታጠኚው ግን ወረቀቱን አትተዪ።

በቅድሚያ ኢ-ሪደርን ከስልክ ጋር አታምታቺው። ስክሪኑ ላይ ፊደሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ናቸው፤ እንደ ወረቀት የአካባቢውን ብርሃን ነው የሚያንጸባርቀው። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለሽ ታነቢበታለሽ። ባትሪ የሚበላው በዋናነት ገጽ ሲቀየር ስለሆነ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ለሳምንታት ይቆያል። ልብ ወለድ የማነበው በሱ ነው፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

የቆጨኝ ለፈተና ሳጠና ነው። የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ጫንኩበት። ቀመሩ ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ መልመጃው መሃል፣ ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ። ወረቀት ቢሆን ጣቴን ገጾቹ መሃል ሰክቼ እያገላበጥኩ እሠራ ነበር። እዚህ ግን አንዱን ስከፍት ሌላው ይጠፋብኛል። ደግሞ ያነበብኩት የት ጋ እንደነበር ትዝ አይለኝም። ወረቀት ላይ «በግራ በኩል፣ ከሥዕሉ ሥር» ብዬ ነው የማስታውሰው። ሳምንት ሳይሞላ የወረቀቱን ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተናም ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፦ መረጃ ሰጪ ጽሑፍን፣ በተለይ ጊዜ ሲያጥር፣ በወረቀት ያነበቡት የተሻለ ይረዱታል፤ ትረካ ላይ ግን ልዩነቱ አልታየም።

አንድ ነገር ልብ በይ። የምትገዢው ኢ-መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የማንበብ ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የኢ-መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ ገንዘብ ቢመልስም መጽሐፎቹ ከገዢዎቹ እጅ ወጥተዋል። ስለዚህ ለልጆቼ እንዲቀር የምፈልገውን በወረቀት ነው የምገዛው።

አባቴን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን መሣሪያውን እበድለዋለሁ። ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ትተው ነበር። ፊደሉን አተለቅኩና ሰጠኋቸው፤ በአንድ ገጽ ስምንት መስመር ብቻ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ጠርዙን ይዘው ገጹን በጣት ሊገልጡት ሞከሩ። ነካ ማድረግ እንደሚበቃ አሳየኋቸው። በመጨረሻ ለራሴ ሌላ መግዛት ግድ ሆነብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ያልያዙ ሰው፣ ባለፈው ሳምንት እራት ቀርቦ ስጠራቸው «ቆይ፣ ይቺን ምዕራፍ ልጨርስ» አሉኝ።