ሰምቼ ሳለ ለምን እሳሳታለሁ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምኖር መምህር ነኝ። አይኤልትስ ለተባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ መመዘኛ የማዳመጥ ፈተና ስለማመድ ንግግሩን በሚገባ እሰማለሁ፤ መልሴ ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ይሆናል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ችግርዎ የጆሮ ሳይሆን የጥድፊያ ይመስለናል። በ4 ክፍሎች የተመደቡት 40 ጥያቄዎች የሚመለሱበት የድምፅ ቅጂ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰማ፣ ተፈታኙ መጀመሪያ የደረሰውን ቀን ወይም ቁጥር ፈጥኖ ይጽፋል፤ ወጥመዱም የተዘረጋው እዚያው ላይ ነው። ተናጋሪው «ማክሰኞ እንገናኝ» ብሎ ጥቂት ቆይቶ «አይ፣ ሐሙስ ይሻላል» ሊል ይችላልና፣ የመንዝ በግ ሲገዙ የመጀመሪያውን ጥሪ ዋጋ እንደማይከፍሉ ሁሉ፣ ንግግሩ ወደ ሌላ ጉዳይ እስኪያልፍ ድረስ መልስዎን አያጽኑ። በምርጫ ጥያቄ ደግሞ ከቅጂው ቃል በቃል የሰሙትን አማራጭ ይጠርጥሩት፤ ትክክለኛው መልስ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል የሚገልጸው ነው። «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» በሚል ትእዛዝ ሥር ሦስት ቃል መጻፍም ሆነ የፊደል ግድፈት፣ በትክክል የሰሙትን መልስ እንኳ ዋጋ ያሳጣል። አንዱ ጥያቄ ካመለጠዎት ትተውት ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶውን ቦታ በመጨረሻ በግምት ይሙሉት።