መልስ፦ ሥልጠናው ለምን ለውጥ አላመጣም?
ለሐኪሞችና ለነርሶች ሥልጠና በየጊዜው እየተሰጠ አሠራራቸው ለምን አይሻሻልም ብለው ለጠየቁት፦ በእኔ እምነት ትምህርቱ ከሥራው ስለራቀ ነው። ገለጻ ማዳመጥ ብቻውን የባለሙያን አሠራር እምብዛም አይለውጥም። ልቡ ለቆመ ሰው የሚሰጠውን የነፍስ አድን እርዳታ ይመልከቱ፤ ክህሎቱ ከሥልጠናው በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይዳከማል። ስለዚህ በ2 ዓመት አንዴ ቀኑን ሙሉ ከማሠልጠን ይልቅ በየጥቂት ወሩ፣ እዚያው በሥራ ክፍሉ፣ በሰው መሰል አሻንጉሊት ላይ ለአጭር ጊዜ መለማመድ እጅግ ይሻላል። ሐኪሙና ነርሷም አብረው ይለማመዱ፤ በሽተኛው አጠገብ የሚቆሙት አብረው ነውና! ቀጥሎ የክፍሉን የሕክምና መዝገቦች መርምሮ ውጤቱን ለራሳቸው ማሳየት ያስፈልጋል። ለሙያ ፈቃድ እድሳት ከሥልጠናዎች የሚሰበሰበው ነጥብ በሥልጠናው መገኘታቸውን እንጂ መቻላቸውን አይለካም። የሌሊት ተረኞችን ደግሞ አደራ፣ ሥልጠናው ቀን ብቻ ከሆነ ሁልጊዜ የሚቀሩት እነርሱ ናቸው።