ጨርቁን መቀስ ሳይነካው በፊት፦ በጂንስ ጥራት ቁጥጥር ለተሰማራችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ከሥልጠና ወጥታችሁ በልብስ ፋብሪካ የጥራት ክፍል የተቀጠራችሁም ሆናችሁ በአነስተኛ ወርክሾፕ በትዕዛዝ ጂንስ መስፋት የጀመራችሁ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም፤ ማሽኑንም ፎርሙንም በየሥራ ቦታችሁ ታገኙታላችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በመቁረጫ፣ በስፌትና በማጠቢያ ክፍሎች መካከል ስመላለስ ኖሬ በጣም ዘግይቶ የገባኝን አንድ ነገር እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ፈልጌ ነው። ይኸውም በጂንስ ሥራ ዋናው ምርመራ የሚደረገው ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ሳይሆን ጨርቁን ገና መቀስ ሳይነካው ነው።

ምክንያቱ የጨርቁ ጠባይ ነው። የጂንስ ጨርቅ ድሩ በኢንዲጎ የተነከረ፣ ማጉ ግን ያልተነከረ ነጭ ክር ነው፤ በተለመደው አሸማመን አንዱ የድር ክር ሦስት የማግ ክሮችን ከላይ አልፎ በአራተኛው ሥር ስለሚገባ ፊቱ ሰማያዊ፣ ውስጡ ነጣ ያለ ይሆናል። ኢንዲጎ ወደ ክሩ እምብርት እምብዛም አይዘልቅም። ክሩ ከመንከሪያው ገንዳ ሲወጣ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው አየር ሲያገኘው ነው። መንከሩና አየር ማስመታቱ እየተደጋገመ ቀለሙ በክሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይቀመጣል፣ መሐሉ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ሰው ጂንስን የሚወደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በታጠበና በታሸ ቁጥር ቀለሙ እየለቀቀ የለባሹን ጉልበትና ኪስ ቅርጽ ይይዛል። ለእኛ ለተቆጣጣሪዎች ግን ይህ ማለት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ጥሬ ጨርቅና ደንበኛው የሚለብሰው ሱሪ አንድ አይደሉም ማለት ነው፤ በመካከላቸው ውኃ አለ። አቡጄዲ ገዝቶ ሳያጥብ ያሰፋ ሰው ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ምን እንደሚገጥመው እናቶቻችሁን ጠይቁ።

እኔ ይህን የተማርኩት በገዛ ራሴ ስህተት ነው። የ300 ሱሪ ትዕዛዝ ነበር፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ለከፈተው ትንሽ ሱቅ በራሱ ዲዛይንና በራሱ ልክ የሚያሰፋ ሰው ነበር። ጨርቁ ላስቲክ ያለው፣ ስትሬች የምንለው ጂንስ ሲሆን በአራት ጥቅል መጣ። ከአንዱ ጥቅል ቁራጭ ወስደን፣ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርገንበት፣ ሱሪው በሚታጠብበት አሠራር አጠብነውና ስንለካው በማጉ አቅጣጫ 8 በመቶ ተሰብስቦ አገኘነው። እንግዲህ ታጥቦ ዳሌው 100 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን የሚፈለግ ሱሪ፣ 100 ለ0.92 ተካፍሎ፣ 108.7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መቆረጥ ነበረበት፤ ፓተርኑም፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበት የልክ ንድፍ፣ በዚሁ ተስተካከለ። የቀሩትን ሦስት ጥቅሎች ለመፈተሽ አንድ ተጨማሪ ቀን ያስፈልግ ነበር። የመቁረጫው ጠረጴዛ ባዶውን ቆሟል፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሷል፣ ጥቅሎቹም ከአንድ ፋብሪካ በአንድ መኪና የመጡ ናቸው። “ያው አንድ ናቸው” ብዬ ፈረምኩ።

አራተኛው ጥቅል 13 በመቶ የሚሰበሰብ ኖሯል። ከእሱ የተቆረጡት ሰባ ያህል ሱሪዎች ከማጠቢያ ሲወጡ 100 መሆን የነበረበት ዳሌ 94 ተኩል ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻው ምርመራ ስንት ናሙና እንደሚወሰድ በሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአይኤስኦ 2859-1 ሠንጠረዥ መሠረት፣ ከ300ው 50 ናሙና አወጣን፤ ለከባድ ጉድለት በ2.5 ኤኪውኤል (ተቀባይነት ባለው የጉድለት ወሰን) የተፈቀደው እስከ 3 ነው፣ በ4 ውድቅ ይሆናል። እኛ 11 አገኘን። የመስመሩ ኃላፊ፣ በዕድሜ የሚያንሰኝ ጨዋ ልጅ፣ ከጎኔ ቆሞ “እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ሳብ ያድርጉት፤ ስትሬች አይደል?” አለኝ። አፍሬ እነግራችኋለሁ፣ ሳብኩት። ሜትሩ 97 አለ። እጄን ለቀቅ ሳደርግ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ ተመልሶ 94 ተኩል ላይ ቆመ፤ ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። በመጨረሻ የጻፍኩት 94 ተኩልን ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ፊርማዬ ጥፋቱን ከሠራ በኋላ የሁለተኛው እውነተኛነት ለደንበኛው ምን ይጠቅመዋል? የረዘመ እግር ይታጠፋል፣ የተዛባ ኪስ ተፈትቶ ይሰፋል፤ የጠበበ ዳሌ ግን የሚጨመርለት ጨርቅ የለም። ምርመራው እንከን አልነበረበትም፣ ትዕዛዙ ግን ወድቋል። ያን ዕለት የሠራነው የሬሳ ምርመራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያልተፈተሸ ጥቅል ወደ መቁረጫ አላሳለፍኩም። ስትሬች ጨርቅ ከጥቅሉ ተፈትቶ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይጨናነቅ መዋል አለበት፤ ተወጥሮ እንደተጠቀለለ ከተቆረጠ ቁራጮቹ ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ማጠር ይጀምራሉ። ከእያንዳንዱ ጥቅል ለመሰብሰቡ አንድ ቁራጭ፣ ለቀለሙ ሌላ ቁራጭ ይወሰዳል። የቀለሞቹ ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው እንደ ድሪቶ ብርድ ልብስ ይሆናሉ፤ ይህ ድሪቶ ሱሪው በሚታጠብበት ኬሚካልና ሰዓት ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም በመብራት ሳጥን ውስጥ የቀን ብርሃን በሚመስለው መብራት ሥር ይታያል። ጥሬውን ሳሉ መንታ የሚመስሉ ሁለት ጥቅሎች ከታጠቡ በኋላ አንዱ ወደ ግራጫ፣ ሌላው ወደ ቀይ ሲያደላ ታያላችሁ። በየቀለማቸው ተመድበው የአንዱ ምድብ ከሌላው ጋር በአንድ ሱሪ ውስጥ እንዳይገናኝ ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው። በአንድ ጥቅል ውስጥ እንኳ የጠርዙና የመሐሉ ቀለም ሊለያይ ስለሚችል፣ በየቁራጩ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ሠራተኛ ለመፍጠን ብሎ ሲያደባልቀው ዝም አትበሉ። ግራ እግሩ ከቀኙ የነጣ ሱሪ የሚወለደው በዚያች ቅጽበት ነው።

የእግር መጠምዘዝም የሚታወቀው እዚሁ ነው። ከጥቂት አጠባ በኋላ የጎኑ ስፌት ዞሮ ወደ ፊት የሚመጣበት ሱሪ አይታችሁ ይሆናል፤ ብዙ ሰው በልብስ ሰፊው ላይ ያማርራል፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጨርቁ ነው፤ የዚህ ሽመና ክሮች ሲታጠቡ ወደ አንድ ወገን ይሸሻሉ። ከመታጠቡ በፊት በቁራጩ ላይ የሳላችሁት አራት ማዕዘን ታጥቦ ሲወጣ ምን ያህል እንደተንጋደደ መለካት ብቻ ይበቃችኋል።

በጨርቁ ላይ ስለሚታዩት ጉድለቶች፣ ስለ ቋጠሮው፣ ስለ ተበጠሰው ክርና ስለ እድፉ፣ ብዙ አልልም፤ የአራት ነጥቡ ዘዴ በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እስከ 3 ኢንች ያለ ጉድለት 1 ነጥብ፣ እስከ 6 ኢንች 2፣ እስከ 9 ኢንች 3፣ ከዚያ በላይ 4 ነጥብ፤ በአንድ ያርድ ርዝመት ውስጥ ከ4 በላይ አይቆጠርም። ይህን ማንም በአንድ ሳምንት ይለምደዋል። ዓይን የማያየውን መሰብሰብና መጠምዘዝ መጠርጠር ነው ጊዜ የሚወስደው።

በትዕዛዝ ለምትሰፉት ደግሞ የጂንስ ሱሪ ታሪክ ራሱ ከትዕዛዝ ሥራ መነሣቱን ላስታውሳችሁ። በአሜሪካ፣ በኔቫዳ ግዛት ሬኖ በምትባል ከተማ ጃኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊ ነበር። አንዲት ሴት ለባሏ ቶሎ የማይቀደድ ሱሪ ብታዝዘው፣ ለፈረስ ልብስ ማሰሪያ ይጠቀምበት የነበረውን የመዳብ ሪቬት (ተመትቶ የሚጣበቅ ትንሽ የብረት ቁልፍ) ሱሪው በሚቀደድበት በኪሱ ጥግ ላይ መታበት። ጨርቅ ከሚሸጥለት ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆኖም እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1873 የፈጠራ መብት አገኘበት። እኔን የሚማርከኝ ሪቬቱ ሳይሆን ሰውየው ልብሱ የት ላይ እንደሚሸነፍ ለይቶ ማወቁ ነው። እናንተም ለጥገና ተመልሶ የመጣላችሁን ሱሪ ሰፍታችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የት እንደተቀደደ መዝግቡ፤ ከሃያ ሱሪ በኋላ የትኛው ባርታክ (ጫና የሚበዛበትን ቦታ የሚያጠነክረው ጥቅጥቅ ያለ ስፌት) ቦታውን እንደሳተ ራሱ ይነግራችኋል።

ስለ ማጠቢያ ክፍል ሳልናገር ባልፍ ግን ይቆጨኛል። አዲስ ሱሪ ያረጀ እንዲመስል በአሸዋ ይነፋ የነበረበት ጊዜ ነበር። በቱርክ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች የአሸዋውን ብናኝ እየሳቡ ሲሊኮሲስ በተባለው የማይድን የሳንባ በሽታ ተይዘው ሞቱ፤ አገሪቱ ሥራውን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሱሪዎቹ በየምርመራ ጠረጴዛው ላይ አምረው ያለፉ ነበሩ። ዛሬም ጉልበቱ ላይ የሚያምር ንጣት ስታዩ በምን እንደመጣ ጠይቁ፤ ቀለም የሚያነጣው ኬሚካል ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ከሆነ የረጨውን ልጅ ጭምብልና የአየር መሳቢያውን ሂዳችሁ እዩ። ፎርማችሁ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ሳጥን ባይኖር ኅዳጉ ላይ ጻፉት።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት የውጭ ገዢዎች ተቆጣጣሪዎች ፎርማቸውን ይዘው መጡ፤ ብዙዎቻችን ከእነሱ ተምረናል። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገቡ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ተጠቃሚነት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከታገደች በኋላ ከፓርኮቹ ሥራቸውን ዘግተው የወጡ ኩባንያዎች ነበሩ። ዛሬ ለአገር ውስጥ ደንበኛ 20ም 50ም ሱሪ የምትሰፉ ልጆች ከበስተጀርባችሁ ቆሞ የሚለካ የለም። በ20 ሱሪ ደግሞ ናሙና ማውጣት ብዙም ትርጉም የለውም፤ ሁሉንም ለኩ። ከማድረቂያው ትኩሱን እንደወጣ ሳይሆን ቀዝቅዞ ሲረጋጋ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ በመዳፋችሁ ዳበስ አድርጋችሁ ሳትስቡ ለኩ።

ሜትራችሁንም ለኩት። የልብስ ሰፊ ሜትር ከአገልግሎት ብዛት ይለጠጣል፣ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ሱሪውን ከእውነተኛው ልኩ አሳንሶ ያሳያል። እኔ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ከብረት ማስመሪያ ጎን እዘረጋው ነበር፤ አንድ ሰኞ ለዓመታት የያዝኩት ቢጫ ሜትር በ100 ሴንቲ ሜትር ላይ 4 ሚሊ ሜትር ረዝሞ አገኘሁትና መሐሉን በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት።