የውስጥ ቅንብር ሳይጠፋ ሁለት ኦብጀክቶችን ማዋሃድ

ጥያቄ፦ በጃቫስክሪፕት በምጽፈው ፕሮግራም መነሻ ቅንብር ውስጥ «ዳታቤዝ» የሚባል ኦብጀክት (ዋጋዎችን በቁልፍ ስም የሚይዝ ዕቃ) አለ፤ በእርሱም ውስጥ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርት 5432 እና የጊዜ ገደብ ተቀምጠዋል። ተጠቃሚው አድራሻውን ብቻ ቀይሮ የሰጠኝን ቅንብር የአንዱን ኦብጀክት ይዘት ወደ ሌላው በሚዘረጋው በሦስት ነጥቡ ስፕሬድ ከመነሻው ጋር ሳዋህደው ፖርቱና የጊዜ ገደቡ ይጠፋሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስፕሬድም ሆነ ኦብጀክት.አሳይን (Object.assign) የተባለው ፈንክሽን የሚያዋህዱት የላይኛውን እርከን ብቻ ነው። «ዳታቤዝ» የሚለው ቁልፍ በሁለቱም ወገን ስላለ፣ የኋለኛው ዋጋ የፊተኛውን ከነይዘቱ ይተካዋል። ችግሩ በዚህ አንድ ቁልፍ ላይ ብቻ ከሆነ ለእርሱ ሌላ ስፕሬድ በውስጥ ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግዎትም።

እርከኑ ከበዛ ግን ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ይጻፉ። በሁለቱም ወገን ያለው ዋጋ ተራ ኦብጀክት ሲሆን ፈንክሽኑ በእነዚያ ዋጋዎች ላይ እንደገና ይጠራል፤ ካልሆነ የኋለኛው ዋጋ ይወሰዳል። እዚህ ላይ የዋጋን ዓይነት በሚናገረው በታይፕኦፍ ብቻ አይተማመኑ፤ ለነል (ባዶ ዋጋ)፣ ለአሬይ (ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር) እና ለዴትም (የቀን ዋጋ) «ኦብጀክት» ብሎ ስለሚመልስ፣ ሁለት ዴቶች ሲገናኙ ባዶ ኦብጀክት ይወጣል። የዋጋውን ፕሮቶታይፕ፣ ማለትም ባሕርያትን የሚወርስበትን ኦብጀክት፣ መፈተሽ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ውጤቱንም በአዲስ ኦብጀክት ላይ ይገንቡ፤ በመነሻ ቅንብሩ ላይ ከጻፉ ቀጣዩ ጥሪ የተለወጠ መነሻ ይዞ ይጀምራል።

ከሁሉም በላይ ሊያስቡበት የሚገባው አሬይ ነው። ሎዳሽ በተባለው ላይብረሪ (የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ውስጥ ያለው መርጅ የተባለ ፈንክሽን አሬዮችን በተራ ቁጥራቸው ያዋህዳል፤ በመሆኑም መነሻው ሦስት የተፈቀዱ አድራሻዎች ይዞ ተጠቃሚው አንድ ብቻ ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው ይተካና የቀሩት ሁለቱ እንደተፈቀዱ ይቆያሉ። ዝርዝሩን ያሳጠረ ሰው ይህን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ለቅንብር አሬይን በሙሉ መተካት ይሻላል ባይ ነኝ። በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7396 የተባለው የጄሰን (ውሂብ በጽሑፍ የሚጻፍበት ቅርጽ) መርጅ ፓች ደንብም አሬይን በሙሉ ይተካል፤ ነል የተሰጠውን ቁልፍ ደግሞ ይሰርዛል። ቁልፍ የሚሰረዝበት መንገድ ካስፈለገዎት ይህን ደንብ ይከተሉ።

ቅንብሩ ከውጭ በጄሰን የሚመጣ ከሆነ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ሁለት የስር መስመር ያለበትን «ፕሮቶ» የተባለውን ቁልፍ ፈንክሽንዎ እንዲዘለው ያድርጉ፤ «ኮንስትራክተር» እና «ፕሮቶታይፕ» የሚሉትንም እንዲሁ። ካልዘለላቸው፣ የውጭ ሰው የሁሉንም ኦብጀክቶች የጋራ ፕሮቶታይፕ ሊለውጥብዎት ይችላል። ዲፎልትስዲፕ የተባለው ሌላው የሎዳሽ ማዋሃጃ ፈንክሽን በ2019 ይኸው ቀዳዳ ተገኝቶበት በ4.17.12 እትም ተደፍኗልና፣ ላይብረሪውን የሚጠቀሙ ከሆነ እትሙን ይመልከቱ። ፈንክሽኑን ሲፈትሹም እንዲህ ያለ ጄሰን ይስጡትና፣ ከዚያ በኋላ የሚፈጥሩት ባዶ ኦብጀክት ያልሰጡትን ባሕርይ ይዞ አለመገኘቱን ያረጋግጡ።