ሶፍትዌሩን አላውቀውም ብለሽ ሥራውን አትተዪው

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። የፊዚዮሎጂ ማስተርስሽን እየጨረስሽ ነው። አንድ ላብራቶሪ የደም ሥር ሲኮማተርና ሲላላ በማዮግራፍ (የደም ሥር ቁራጭ በሽቦ ወጥሮ ኃይሉን በሚመዘግብ መሣሪያ) የሚለካ ሰው ይፈልጋል። ማስታወቂያው «የመለኪያ ሶፍትዌር ልምድ» ይላል፤ አንቺ ደግሞ ነክተሽው አታውቂም። ከፍለሽ ኮርስ ልትወስጂ አስበሻል፤ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ልማር ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ገንዘብሽን ያዢ። የት እንደሚጫን ማወቅ የቀናት ጉዳይ ነው። ጠያቂዎችሽ የሚፈልጉት ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር የምትጠራጠር ሰው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ደም ሥሩን በፌኒሌፍሪን አኮማተርሽው፣ ከዚያ እንዲላላ አሴቲልኮሊን ጨመርሽ። አልላላም። ሶፍትዌሩ «5 በመቶ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሥራው ነው። ግን እንስሳው ታሞ ነው ወይስ አንቺ ሽቦውን ስታስገቢ የውስጡን ስስ ሽፋን ፍቀሽው ነው? ቀልድ እንዳይመስልሽ። ፈርችጎት የሚባለው ተመራማሪ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሽፋኑ ከተፋቀ አሴቲልኮሊን ደም ሥሩን አያላላውም። ያ መንገድ ናይትሪክ ኦክሳይድ ድረስ (ሽፋኑ የሚለቀው፣ ደም ሥሩን የሚያላላው ጋዝ ነው) ሄዶ በ1998 ኖቤል አስገኝቷል።

ሌላው ኖርማላይዜሽን ነው፤ ከሙከራው በፊት የደም ሥሩን መነሻ ውጥረት ማስተካከል ማለት ነው። ደም ሥሩን ደረጃ በደረጃ ትለጥጪዋለሽ። ሶፍትዌሩ በ100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ግፊት ሊኖረው የሚችለውን ዙሪያ ያሰላል፤ ብዙ ጊዜ የዚያን 0.9 እጥፍ ይዘሽ ትሠሪያለሽ። የቁራጩን ርዝመት ተሳስተሽ ካስገባሽ ግን ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ግራፉ ግን ያምራል! እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን ስህተት ነው። ስለዚህ ስሌቱን አንዴ በወረቀት ሥሪው።

ፓይተን ላልሽው፣ አዎ፣ ተማሪ። ቫዞትራከር የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር በፓይተን የተጻፈ ነው። በካሜራ የደም ሥሩን ስፋት ይከታተላል። ኮዱን ከፍተሽ የግድግዳውን ጠርዝ እንዴት እንደሚያገኝ እዪ፤ በደንብ ያልጸዳ ስብ እንዴት እንደሚያታልለውም ይገባሻል።

አሁን አማካሪሽን የድሮ ጥሬ ፋይሎች ጠይቂ። የመድኃኒቱን መጠንና የደም ሥሩን ምላሽ የሚያሳየውን ኩርባ ራስሽ ሥሪ፣ ኢሲ50ውን (የከፍተኛውን ምላሽ ግማሽ የሚሰጠውን መጠን) አውጪ፣ የትኛውን ቁራጭ ለምን እንደጣልሽ ጻፊ። ከአንድ እንስሳ የወጡ አራት ቁራጮችን እንደ አራት እንስሳት እንዳትቆጥሪ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሲቪሽ ላይ «ልምድ አለኝ» ብለሽ አትዋሺ። ቃለ መጠይቁ ላይ ከድሮ ፋይሎቹ የሠራሻትን ማስታወሻ ይዘሽ ግቢ።